ፈላጊው ዘመድ፦ በጉዲፈቻ ጥናት የተዘለለው ወገን

ሲወለድ በጉዲፈቻ የተሰጠን ሰው ስለ መፈለግ በሚደረግ ጥናት የጆን ትሪሲሊዮቲስ ሥራ (እ.ኤ.አ. 1973) ዛሬም ይከበራል። ስኮትላንድ ከ1930 ጀምሮ ዕድሜው ለደረሰ የጉዲፈቻ ልጅ የልደት መዝገቡን ትከፍት ስለ ነበር፣ አጥኚው ኤድንብራ ወዳለው መዝገብ ቤት የሄዱ 70 ሰዎችን አነጋገረ። ወላጆቻቸውን በአካል ለማግኘት የጓጉት በአመዛኙ በአሳዳጊዎቻቸው ቤት ያልደላቸው ናቸው ሲልም ደመደመ። ትጋቱን አልክድም፤ ሙግቴ ከናሙናው ጋር ነው። መዝገቡን ማስከፈት የሚችለው ልጁ ብቻ ነበር። አራስ ልጇን የሰጠች እናት፣ ታናሽ እንዳለው ዘግይቶ የሰማ ወንድም በዚያ በር አይገቡም፤ በመረጃውም የሉም። ፍለጋ የልጁ የውስጥ ጉድለት መስሎ የታየው ሌላው ፈላጊ አስቀድሞ ከደጅ ስለ ተመለሰ ነው። አንድ ናሙና ሁሉን አይናገርም፤ ሆኖም የእንግሊዝ ሕግም በዚሁ መንገድ ሄዷል። ለልጁ በ1975 የታወጀው መብት ለዘመድ አልተዳረሰም። በ1991 የተከፈተው የፈላጊዎች መዝገብ ዘመድን የሚጠቅመው ልጁም ከተመዘገበ ብቻ ነበር፤ ዘመድ በአገናኝ አካል በኩል እንዲጠይቅ የፈቀደው የ2002ቱ ሕግ ሥራ ላይ የዋለው በ2005 መጨረሻ ነው። የልጁ ሰላም ይናጋል የሚለው ተቃውሞ ክብደት የለውም፤ አገናኙ ያለ ልጁ ፈቃድ ማንነቱን አሳልፎ አይሰጥምና።

ለዚህ ክርክር ከማንም የሚቀድመው፣ ግን የተዘነጋው ምንጭ የእኛው የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። አንቀጽ 183 የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለውን ትስስር እንደ ያዘ ይቆያል ይላል። ሁለቱ ቤተሰቦች ሲጋጩ አሳዳጊው መቅደሙን ጠቅሶ አንቀጹን ባዶ የሚያደርግ ይኖራል፤ ቅድሚያ መስጠት ግን ማጥፋት አይደለም። ትስስር ደግሞ የሁለት ወገን ነው፤ ልጁ ዘመድ ካለው ዘመዱም ልጁ አለው። ይሁንና ወደ አሜሪካ የሄዱት ልጆች የአሳዳጊዎቻቸው ስም የሰፈረበት አዲስ የልደት ማስረጃ ሊወጣላቸው ሲችል፣ እዚህ የቀረው ቤተሰብ በሕግ ዘመድ ሆኖ ሳለ አድራሻ አጥቷል። ጥር 2010 ዓ.ም. የተላለፈው እገዳ ልጆች ለውጭ ዜጎች በጉዲፈቻ መሰጠታቸውን አስቆመ እንጂ አስቀድመው የሄዱትን የመፈለጊያ መንገድ አልዘረጋም። ከአንቀጽ 183 የሚፈልቀው ግዴታ ግልጽ ነው፦ የጉዲፈቻ ፋይሎችን በአንድ ቦታ ጠብቆ ማቆየት፣ የእናትንና የወንድም እህትን ጥያቄ መቀበል፣ በውጭ ያለውን ልጅ ፈቃድ ጠይቆ መልሱን ለጠያቂው ማድረስ።