ቪክቶሪያ ቫይክስ (የወንዶች ቅርጫት ኳስ፣ 1980–1986)

ቪክቶሪያ ቫይክስ በምዕራብ ካናዳ፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት የሚገኘው የቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ቡድኖች መጠሪያ ነው። የወንዶች የቅርጫት ኳስ ቡድኑ ከ1980 እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ለሰባት ተከታታይ ዓመታት የካናዳ ዩኒቨርሲቲዎችን ሻምፒዮና በማሸነፍ በአገሪቱ የስፖርት ታሪክ ደማቅ ስፍራ ይዟል።

የስኬቱ መሐንዲስ በ1976 ከሎረንሺያን ዩኒቨርሲቲ የመጣው አሠልጣኝ ኬን ሺልድስ ነው። ሜዳ ላይ ቡድኑን የመራው የሰድበሪው ተወላጅ ኢላይ ፓስኳሌ ሲሆን ከሰባቱ ዋንጫዎች አምስቱን አንሥቷል። ረጅሙ ጄራልድ ካዛኖውስኪም ከቡድኑ ምሰሶዎች አንዱ ነበር። ሁለቱ ተጫዋቾች በ1983 በኤድመንተን በተካሄደው የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ጨዋታ ካናዳ አሜሪካንና ዩጎዝላቪያን አሸንፋ ወርቅ ስትወስድ ተሰልፈዋል፤ በ1984ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክም አራተኛ በወጣው ብሔራዊ ቡድን ውስጥ ነበሩ።

ዩኒቨርሲቲው የደመቀው በወንዶቹ ብቻ አልነበረም፤ በካቲ ሺልድስ የሚሠለጥነው የሴቶች ቡድንም ከ1980 እስከ 1982 ብሔራዊ ሻምፒዮን ሆኗል። የወንዶቹ የድል ጉዞ የተቋረጠው በ1987 የማኒቶባው ብራንደን ዩኒቨርሲቲ ዋንጫውን ሲወስድ ነው። በሰባት ተከታታይ ዋንጫ ቫይክስን የተስተካከለው ከሩብ ክፍለ ዘመን በላይ ቆይቶ፣ ከ2011 እስከ 2017 ያሸነፈው የካርልተን ዩኒቨርሲቲ ነው።