ያረጀ ሞተር ጉልበቱ ለምን ይከዳዋል? ከገዳሪፍ ቆላ እስከ ጎንደር ደጋ

ከኢትዮጵያ ጋር በሚዋሰነው የሱዳን ገዳሪፍ ግዛት፣ በቁረይሻና በአካባቢዋ በሚገኙ ሰፋፊ እርሻዎች፣ ማሽላና ሰሊጥ ለመዝራት የሚመቹት ሳምንታት ጥቂት ናቸው። ዝናቡ ሲበረታ ዋልካው አፈር ጎማ ይውጣል፤ ሲዘገይ ደግሞ ዘሩ ይባክናል። በእነዚህ ሳምንታት ያረጀ ትራክተር ጉልበቱ ቢከዳው ባለቤቱ የሚያጣው የጥገና ወጪውን ብቻ አይደለም፤ የዓመቱ ምርትም አደጋ ላይ ይወድቃል።

በአካባቢው በማሽን የሚካሄደው እርሻ የተጀመረው እአአ በ1940ዎቹ አጋማሽ፣ ሱዳንን ታስተዳድር የነበረችው ብሪታኒያ በምሥራቅ አፍሪካ ለተሰማሩ ወታደሮች እህል በፈለገችበት ወቅት ነው። ከዚያ ወዲህ ማሴ ፈርጉሰን ትራክተር፣ ቤድፎርድ የጭነት መኪናና ቶዮታ ላንድክሩዘር የዕለት ተዕለት የሥራ መሣሪያዎች ሆነዋል። ያረጁት ኮምፒውተር የላቸውም፤ ናፍጣውን የሚረጨው ሜካኒካል ፓምፕ ነው። ስለዚህ ሕመማቸው በመመርመሪያ መሣሪያ ስክሪን ላይ አይነበብም፤ የሚታወቀው በጢስ፣ በድምፅና በግፊት መለኪያ ነው።

እአአ ሚያዝያ 2023 የተቀሰቀሰው የሱዳን ጦርነት ካርቱምን ማዕከል አድርጎ የቆየውን የንግድ መስመር አናግቷል። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ እአአ በ2020 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጥሏል፤ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል። በእጅ ያለውን ሞተር ማቆየት በሁለቱም አገሮች ግዴታ እየሆነ ሲመጣ የተሳሳተ ምርመራም ዋጋው ንሯል።

የጎደለው የቱ ነው?

የናፍጣ ሞተር ጉልበት ከሦስት ነገሮች ይገኛል፦ በቂ አየር፣ በትክክለኛው ጊዜ የተረጨ ንጹህ ነዳጅ እና በቂ ግፊት፣ ማለትም ኮምፕሬሽን። ናፍጣው የሚቀጣጠለው ያለ ብልጭታ፣ አየሩ ተጨምቆ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሚግል ነው። የቤንዚን ሞተር በዚህ ላይ የካንዴላ ብልጭታ ይፈልጋል። ጉልበት ያነሰው አሮጌ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ከእነዚህ አንዱ ነው። ሆኖም ምርመራው ከቀላሉ ሳይሆን ከውዱ፣ ከነዳጅ ፓምፑ፣ ሲጀመር ይታያል። ፓምፑ ወርዶ፣ ተስተካክሎ፣ ገንዘብ ተከፍሎበት ከተመለሰ በኋላ ጥፋቱ የተደፈነ የአየር ማጣሪያ ሆኖ ይገኛል።

ከቆላ ወደ ደጋ

ገዳሪፍ ከባሕር ጠለል በላይ 600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በገላባትና በመተማ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ጎንደር የሚወጣ መኪና ግን 2,100 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በዚያ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር በዚያው ልክ ሲቀንስ፣ አሮጌው ፓምፕ ግን የቆላውን ያህል ናፍጣ መላኩን ይቀጥላል። ውጤቱ ዳገት ላይ ጥቁር ጢስና የደከመ ጉዞ ነው። እንዲህ ያለው ሞተር ታሟል ለማለት ያስቸግራል፤ ፓምፑ የተስተካከለው ለሌላ አገር አየር ነው።

በካርቡራተር የሚሠሩ የቤንዚን መኪኖችም ተመሳሳይ ችግር አለባቸው። አዲስ አበባ ላይ ለደጋው አየር ነዳጅ የተቀነሰለት አሮጌ ኮሮላ ወደ መተማ ሲወርድ ነዳጅ ያንሰዋል፤ ሞተሩም ከልክ በላይ ሊግል ይችላል።

ቆላው ራሱ ሞተርን አይምርም። የ40 ዲግሪ አየር ከ15 ዲግሪው 8 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ወደ ማጣሪያው የሚያስገባው ቱቦ ወልቆ ሞተሩ ከራዲያተር ጀርባ ያለውን ትኩስ አየር የሚስብ ከሆነ ኪሳራው ይብሳል። ቱቦውን ወደ ቦታው መመለስ ምንም ወጪ የለውም።

ጢሱ ምን ይላል?

ጥቁር ጢስ ነዳጁ ከአየሩ መብለጡን ይናገራል፤ የተደፈነ ማጣሪያ፣ የሚያንጠባጥብ ኖዝል ወይም ከልክ በላይ የተከፈተ ፓምፕ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ጢስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያሳያል። ነጭ ጢስ አሻሚ ነው። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ታይቶ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ ያልተቃጠለ ናፍጣ ሊሆን ይችላል፤ የዘገየ ርጭትን ወይም የወረደ ኮምፕሬሽንን ይጠቁማል። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ከቀጠለና ራዲያተሩ ውኃ እየጎደለው ከሄደ ግን የቴስታታው ጋስኬት መበጠሱን መጠርጠር ይገባል።

ከማጣሪያው እስከ ሲሊንደሩ

በአሮጌ ትራክተሮችና የጭነት መኪኖች ላይ የሚገኘው ባለዘይት የአየር ማጣሪያ አቧራውን የሚይዘው ከሥሩ ባለው ዘይት ነው። በገዳሪፍ የበጋ አቧራ ዘይቱ ቶሎ ይጭቀያል፤ በእርሻ ወቅት በየዕለቱ መታየት አለበት። ከማጣሪያው በኋላ ያለው የጎማ ቱቦ የበለጠ ትኩረት ይሻል። ከተሰነጠቀ አቧራው ሳይጣራ ገብቶ የፒስተን ቀለበቶችንና ሲሊንደሩን ይሞርዳል። አዲስ የተሠራ ሞተር ባጭር ጊዜ ሲደክም በቅድሚያ ሊመረመር የሚገባው ይህ ቱቦ ነው።

ቀጥሎ ነዳጁ ይታያል። በበርሜልና በጀሪካን የሚመላለስ ናፍጣ ውኃና ቆሻሻ ስለማያጣው የማጣሪያው ውኃ ማጠራቀሚያ መፍሰስ አለበት። የሞተሩ ድምፅ ከፍ ዝቅ የሚል ወይም ሞተሩ ጭነት ሲይዝ የሚጠፋ ከሆነ በመሳቢያው ቱቦ አየር እየገባ ሊሆን ይችላል።

ደካማውን ሲሊንደር ለመለየት፣ ሞተሩ በዝግታ እየሠራ የየኖዝሉን የናፍጣ ቱቦ ብሎን በየተራ በትንሹ ማላላት የቆየ ዘዴ ነው። አንዱ ሲላላ የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ ያ ሲሊንደር ቀድሞውንም አልሠራም ማለት ነው። የሚረጨው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ሊገባ ስለሚችል እጅን ማራቅ ያስፈልጋል፤ በአዲሶቹ ባለኤሌክትሮኒክስ ሞተሮች ላይ ደግሞ ዘዴው ፈጽሞ አይሞከርም።

ኮምፕሬሽን የሚለካው የቫልቮቹ ክፍተት ከተስተካከለ በኋላ ነው። በቤንዚን ሞተር አንዱ ሲሊንደር ዝቅ ካለ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት የሞተር ዘይት ጨምሮ ዳግም መለካት ይቻላል። ግፊቱ ከፍ ካለ የደከሙት ቀለበቶቹ ናቸው፤ ካልተለወጠ ጥርጣሬው ወደ ቫልቭ ወይም ወደ ጋስኬት ይዞራል። ያለ መለኪያም ቢሆን የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ጢስ እየገፋ የሚወጣ ከሆነ ጋዙ ቀለበቶቹን እያለፈ መሆኑን መገመት ይቻላል። እንዲህ ያለው ሞተር መውረዱ አይቀርም።

ጉልበት መጨመር

ጤነኛ ሞተር ተጨማሪ ጉልበት ሲፈለግበት በጣም ርካሹ መንገድ የፓምፑን የነዳጅ ብሎን ማዞር ነው፤ አደገኛውም እሱ ነው። ተጨማሪ ናፍጣ ያለ ተጨማሪ አየር ጥቂት ጉልበት፣ ብዙ ጢስና ብዙ ሙቀት ይሰጣል። ፒስተኑ የተሠራው ከአሉሚኒየም ቅይጥ ነው፤ ንጹህ አሉሚኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ነው፤ ከመጠን ያለፈ ናፍጣ የጫኑበት ሞተር የጢስ ሙቀት ከዚህ ሊያልፍ ይችላል።

በላንድክሩዘር ላይ በስፋት የሚታወቀው ባለ 4.2 ሊትሩ 1ኤችዜድ ሞተር ከፋብሪካ የሚወጣው ያለ ቱርቦ ሲሆን ኮምፕሬሽኑም 22.4 ለ1 ነው። ቱርቦ ሲገጠምለት ዳገት ላይ የሚያጣውን አየር ይመልስለታል። ነገር ግን ሞተሩ ለዚያ ታስቦ ስላልተሠራ ግፊቱ ዝቅተኛ ሆኖ መቆየት፣ የጢሱን ሙቀት የሚያሳይ መለኪያም መገጠም ይኖርበታል። ከረዥም ዳገት በኋላ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት በቱርቦው ውስጥ ያለውን ዘይት ያሳርረዋል፤ ለአንድ ሁለት ደቂቃ በዝግታ እንዲሠራ መተው ያስፈልጋል።