ጥይት ዝርዝር ገንዘብ በነበረበት ዘመን

«ውጅግራ» የሚለው ስም ሁሌ ይገርመኛል። ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. ለሠራዊታቸው የመረጡት «ፉዚል ግራ» ነው በእኛ አፍ እንዲህ የሆነው። ጥይቱ 11 ሚሊ ሜትር፣ አረሩ 25 ግራም የሚመዝን እርሳስ፣ ባሩዱም ጭሳሙ ጥቁር ባሩድ ነበር። እርሳስ ለስላሳ ነውና በርሜሉ ውስጥ ተፍቆ እንዳይለጠፍ አረሩን በወረቀት ይጠቀልሉታል።

ይኸው ጥይት እኛ አገር ሲገባ ሌላ ሥራ አገኘ፤ ገበያ ወጣ። ከአሞሌና ከማርትሬዛ ብር ጎን ቆሞ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገበያይ ጀመር።

እስቲ አስቡት! በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ውጅግራ ይዞ የተሰለፈ ሰው ቃታ በሳበ ቁጥር ከዝናሩ የሚያወጣው የጨውና የበርበሬ መግዣውን ጭምር ነበር። «ለአገሩ ያለውን ሰጠ» የምንለው ለካ ለወግ ብቻ አይደለም።