«ድሮን» የተባለው ቃልና ሁለቱ ፍችዎቹ

«ድሮን» በአማርኛ ጽሑፍ መዘውተር ከጀመረ ረጅም ዘመን አልሆነውም፤ ሆኖም በመዝገበ ቃላት የሚሰጠው ፍች ከሚታሰበው ይልቅ አስቸጋሪ ነው። ቃሉ ከእንግሊዝኛ የተወሰደ ሲሆን በምንጭ ቋንቋው የወንድ ንብ መጠሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 እንግሊዞች ለተኩስ ልምምድ ዒላማ የሚሆን፣ በሬዲዮ የሚታዘዝ አውሮፕላን ሠርተው «ንግሥት ንብ» አሉት፤ አሜሪካኖችም ያንን ስያሜ ተከትለው የራሳቸውን በወንዱ ንብ እንደ ጠሩት ይነገራል። በእኛ ቋንቋ ይህ ንብ «ድንጉላ» ይባላል። የጎጃም ንብ አናቢ ጠንቅቆ እንደሚያውቀው ድንጉላ ማር አይሠራም፣ መንደፊያም የለውም።

ትርጉም ፈላጊዎች ያቀረቡት አቻ «ሰው አልባ አውሮፕላን» ነው። አሰካኩ «ወላጅ አልባ» የሚለውን የተከተለ በመሆኑ ለጆሮ አይጎረብጥም። ነገር ግን ሁለት ጉድለት እናይበታለን። አንደኛ፣ መሣሪያውን ከምድር ሆኖ የሚያዝዘውን ሰው ከእይታ ያርቃል፤ ሁለተኛ፣ ከመዳፍ የማይበልጠውን ፎቶግራፍ አንሺ መሣሪያ አውሮፕላን ማለት ይከብዳል።

ይህ ትንሹ ዓይነት የተወደደበት ምክንያት ግልጽ ነው። ቀድሞ ሄሊኮፕተር ይጠይቅ የነበረውን እይታ፣ የሠርግ አጀብን፣ የጥምቀትን በዓል፣ የማሳን አቀማመጥ፣ በኪስ የሚያዝ ዕቃ ያስገኛል። ክብደቱን የወሰነው ግን ከመሐንዲሱ ይልቅ ሕግ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አሜሪካ ለመዝናኛ የሚበሩትን ከ250 ግራም በታች ከምዝገባ ነፃ ስላደረገች፣ ዲጄአይ የተባለው የቻይና ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 249 ግራም የሚመዝን አወጣ፤ የጃፓን ወሰን 200 ግራም ስለ ነበረ ለዚያ አገር 199 ግራም የሚመዝን አዘጋጀ። ጃፓንም እ.ኤ.አ. በ2022 ወሰኑን ወደ 100 ግራም አወረደችው። በኢትዮጵያ ቀዳሚው ጥያቄ የክብደት ሳይሆን የፈቃድ ነው፤ ያለ ኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ የመጣ ድሮን፣ ትንሽም ቢሆን፣ ጉምሩክ ላይ ይያዛል።

እዚህ ላይ የቃሉ ችግር ይብሳል። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም ከተማ በደረሰ የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን አንድ የሆስፒታል ኃላፊ ለዜና ወኪሎች ገልጸዋል፤ ጥቃቱም በብዙ ዘገባ የድሮን ተብሎ ተጠቅሷል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና ከደብረ ብርሃን በሲቪሎች ላይ ጉዳት ስለ መድረሱ ተዓማኒ መረጃ እንደ ደረሰው አስታወቀ። በግዕዝ የሰላም መንገድ በተባለችው ከተማ «ድሮን መጣ» ሲባል የሠርግ ካሜራ ወደ አእምሮ የሚመጣለት ብዙ ሰው ይኖራል ብለን አናምንም። ስለ ትንሹ ካሜራ የወጣ መመሪያ የሚተረጉም ሰው ቃሉን እንዲሁ ቢወረውረው፣ አንባቢው የሚያነበው ሌላ ነገር ነው።

«አውሮፕላን» ራሱ በዚህ መንገድ አልፏል። በ1921 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ሲደርስ የአድናቆት ቃል ነበረ፤ በ1928ቱ ጦርነት ቦምብና የመርዝ ጭስ የሚያዘንብ ሆነ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በረራ ከጀመረ በኋላ ግን የመንገደኛ ቃል ሆኖ ረጋ። የለወጠው ትርጓሜ ሳይሆን አገልግሎት ነው። «ድሮን» ያን ዕድል ገና አላገኘም።

ስለዚህ «ድሮን» በአንድ መግቢያ ሥር በሁለት ቁጥር ይፈታ እንላለን፤ ለመጀመሪያው «የጦር ድሮን»፣ ለሁለተኛው «በራሪ ካሜራ» ይጠቀስ፤ ተርጓሚዎችም በሕግ ጽሑፍ ያለ ቅጽል አይጠቀሙበት። «ሰው አልባ አውሮፕላን» ለትልልቆቹ ብቻ ይቆይ። አንድ ትንሽ ማስጠንቀቂያም አለን፦ «ድሮን የሚናፍቅ ሽማግሌ» በሚለው ሐረግ ያለው ቃል «ድሮ» እና ተሳቢው «ን» ነውና፣ ምሳሌ የሚለቅሙ ረዳቶች ሁለቱን በአንድ ካርድ እንዳይጽፏቸው።