የኢርሺንግ ስሌት፦ ሙቀት ቆጣቢው ጣቢያ ለምን ከሰረ?

በጀርመን ባቫሪያ ግዛት፣ በዳኑብ ወንዝ ዳር ያለው የኢርሺንግ ማመንጫ አራተኛ ክፍል በ2011 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሲፈተሽ 60.75 በመቶ የሙቀት ብቃት አስመዘገበ። በወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። አራት ዓመት ሳይሞላው ግን ባለቤቶቹ ከጎኑ ካለው አምስተኛ ክፍል ጋር እንዲዘጋ አመለከቱ። በነዳጅ አጠቃቀሙ አቻ ያልነበረው ጣቢያ ገበያ ላይ ሥራ ፈትቶ ነበር። ይህን እንቆቅልሽ ለመፍታት ፊዚክሱንና የገንዘቡን ሂሳብ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ሳዲ ካርኖ በ1824 እንዳሳየው፣ ከሙቀት ሥራ የሚያወጣ ሞተር ሁሉ ጣሪያ አለው። ጣሪያውን የሚወስኑት ሙቀቱ የሚገባበትና የሚወጣበት የሙቀት መጠን ብቻ ናቸው። በኢርሺንግ ወደ ተርባይኑ የሚገባው ጋዝ 1500 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይደርሳል። አካባቢውን 15 ዲግሪ ብንለው፣ በኬልቪን ሲሰላ ጣሪያው 84 በመቶ ግድም ነው። እዚያ የሚደርስ የለም። መጭመቂያው ተርባይኑ ካፈራው ሥራ ብዙውን መልሶ ይበላል፤ የተርባይኑ ምላጮችም እንዳይቀልጡ በአየር መቀዝቀዝ አለባቸው፤ ለዚያ የሚውለው አየር ደግሞ በነፃ አይገኝም።

444 ቶን የሚመዝነው የጋዝ ተርባይን ብቻውን ከ100 አሃድ ሙቀት ወደ 40 የሚጠጋውን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። ቀሪው ከ600 ዲግሪ በላይ እንደሞቀ በጭስ መልክ ይወጣል። የዚህ ዓይነት ጣቢያ ጥበብ ያለው ይህን ጭስ ባለመልቀቁ ነው፤ ጭሱ ውኃ አፍልቶ 600 ዲግሪ የሚደርስ እንፋሎት ይፈጥራል፣ እንፋሎቱም ሌላ ተርባይን ያዞራል። ከ60ው አሃድ ሲሶ ያህሉ፣ ማለትም 20፣ በዚህ መንገድ ይገኛል። የቀረው ወደ ጭስ ማውጫውና ወደ ማቀዝቀዣው ውኃ ይሄዳል። ይህን ብክነት የአሠራር ጉድለት አድርገው የሚተቹ አሉ፤ አብዛኛው ግን ሁለተኛው የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ የሚያስከፍለው ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። በጅምላ ገበያ ጣቢያዎች የሚሰለፉት በብቃታቸው ሳይሆን አንድ ተጨማሪ ሜጋዋት ሰዓት ለማመንጨት በሚያወጡት ወጪ ነው። በ2013 እና በ2014 ከነበረው ዋጋ ብዙ ሳንርቅ አንድ ሜጋዋት ሰዓት ሙቀት የያዘ ጋዝ 25 ዩሮ፣ ያንኑ ያህል የያዘ የድንጋይ ከሰል 9 ዩሮ፣ የአንድ ቶን ካርቦን ልቀት ፈቃድ 6 ዩሮ ነው እንበል። 60 በመቶ ብቃት ያለው የጋዝ ጣቢያ ለነዳጅ 42፣ ለካርቦን 2፣ በድምሩ 44 ዩሮ ይፈጅበታል። 40 በመቶ ብቻ ብቃት ያለው የከሰል ጣቢያ ግን ልቀቱ ከእጥፍ በላይ ሆኖም 28 ዩሮ አካባቢ ይበቃዋል። በ2014 የጀርመን አማካይ የጅምላ ዋጋ 33 ዩሮ ገደማ ነበር። ሌላ ማብራሪያ የሚያሻው አይመስለኝም።

ፀሐይም ጨመረችበት። በዚያን ጊዜ ጀርመን የተከለችው የፀሐይ ኃይል ከ35 ጊጋዋት አልፎ ነበር። ነዳጅ የማይገዛው ይህ ኃይል ገበያውን የሚያጥለቀልቀው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ የጋዝ ጣቢያዎች ድሮ ትርፋቸውን የሚለቅሙትም በዚያው ሰዓት ነበር።

ለብቃት የሚከፈለው ዋጋ ትርጉም የሚያገኘው በሥራ ሰዓት ሲባዛ ነው። አንድ 550 ሜጋዋት ጣቢያ ብቃቱን ከ60 ወደ 61 በመቶ ቢያሳድግ፣ ከላይ ባለው የጋዝ ዋጋ በእያንዳንዱ ሜጋዋት ሰዓት 70 ሳንቲም ያህል ይቆጥባል። በዓመት 7000 ሰዓት ከሠራ ቁጠባው 2.6 ሚሊዮን ዩሮ ነው። 500 ሰዓት ብቻ ከሠራ 190 ሺህ እንኳ አይሞላም፤ የግንባታው ብድር ግን ማመንጫው ቢቆምም ወለዱን ይቆጥራል።

መዝጋቱም አልተፈቀደም። ጀርመን ነፋሷ በሰሜን፣ ብዙ ፋብሪካዎቿ በደቡብ በመሆናቸው፣ የማስተላለፊያ መስመሩ አስተዳዳሪ ኢርሺንግን በተጠንቀቅ ማቆየት ነበረበት። በ2020 የልቀት ፈቃድ ወደ 25 ዩሮ ወጣ፣ ጋዝም ረከሰ። ጋዝ 12፣ ከሰል 6.5 ዩሮ ብለን ስናሰላ ጋዙ 28፣ ከሰሉ 37 ዩሮ ሆኖ ሰልፉ ተገለበጠ። ጣቢያውም በዚያው ዓመት ወደ ገበያው ተመለሰ። ማሽኑ ያው የቀድሞው ነው።

በብቃት የዚህን ተቃራኒ ጫፍ ለማየት ኢትዮጵያ ውስጥ ወዳለው የአሉቶ ላንጋኖ የከርሰ ምድር እንፋሎት ጣቢያ መምጣት ይቻላል። የከርሰ ምድር እንፋሎት ጣቢያዎች በዓለም አማካይ ብቃታቸው 12 በመቶ ገደማ ነው፤ የምንጩ ሙቀት ከጋዝ ነበልባል ጋር ሲነጻጸር ዝቅተኛ ነውና። ይህ ማንንም አያስደነግጥም፤ ሙቀቱ የነዳጅ ደረሰኝ የለውም። ወጪው ያለው ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ በሚወርዱት ጉድጓዶች ቁፋሮ ላይ ነው፣ እሱም እንፋሎት መኖሩ ሳይረጋገጥ በቅድሚያ የሚከፈል። በ1998 ሥራ የጀመረው 7.3 ሜጋዋት ገደማ አቅም የነበረው የሙከራ ጣቢያ በቴክኒክ ብልሽት ለዓመታት ቆሟል። ኪሳራው መታሰብ ያለበት ከ12 በመቶው ሳይሆን ካልሠራባቸው ሰዓታት ነው።