ከካንቶን ወደብ እስከ መማሪያ ክፍል

በእንግሊዝኛ «ጊቭ» መስጠት፣ «አፕ» ወደ ላይ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሁለቱ ሲገናኙ ግን መስጠቱም ላዩም ይጠፋና «ተወ» ይሆናል። ይህ ወጥመድ የኛ ብቻ እንዳይመስለን፤ ቻይናውያንም ብዙ ታግለውታል።

እስቲ ወደ ካንቶን ወደብ እንሂድ (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናል)። ከ1757 ጀምሮ የምዕራባውያን ነጋዴዎች መርከብ በዚህ ወደብ ብቻ እንዲቆም ታዝዞ ነበር። ቻይንኛን ለባዕድ ማስተማርም ያስቀጣ ነበር። ስለዚህ ገበያው የራሱን ስብርባሪ እንግሊዝኛ ፈጠረ፤ ፒጂን የሚባለውን። መማሪያው የእንግሊዝኛውን ድምፅ በቻይና ፊደል የሚጽፍ ትንሽ መጽሐፍ ነበር። ሻይና ሐር ለመሸጥ በቃ፤ ለመንግሥት ጉዳይ ግን አልበቃም።

ጉዱ የታየው በ1858 ነው። በጦርነት የተሸነፈችው ቻይና ከእንግሊዝ ጋር በቲያንጂን በተዋዋለችው ውል ውስጥ፣ የትርጉም ልዩነት ቢነሣ የሚጸናው የእንግሊዝኛው ቃል ነው የሚል አንቀጽ ገባ። እኛ ይህን ስናነብ የ1889ኙ ውጫሌ ትዝ ይለናል፤ በአማርኛው ፈቃድ የነበረው በጣልያንኛው ግዴታ ሆኖ አድዋን አመጣ። ቻይናም በ1862 ቤጂንግ ላይ ቶንግወን ጓን የተባለውን የአስተርጓሚዎች ትምህርት ቤት ከፈተች። መጀመሪያ የተሰጠው ትምህርት እንግሊዝኛ ነበር።

ታዲያ ጥምር ግሡ ለምን ይከብዳቸዋል? ነገሩ ለቋንቋቸው ባዕድ ሆኖ አይደለም። «ዙኦ» መቀመጥ፣ «ሺያ» ወደ ታች፤ «ዙኦ ሺያ» ሲሉ ልክ «ሲት ዳውን» ማለታቸው ነው። የሚከብደው አቅጣጫው ጠፍቶ ትርጉሙ ሲሰወር ነው። በ2004 የታተመ አንድ ጥናት መካከለኛ ደረጃ ላይ ያሉ ቻይናውያን ተማሪዎች ጥምሩን ግሥ ሸሽተው ባለ አንድ ቃሉን እንደሚመርጡ፣ የላቁት ግን ብዙም እንደማይሸሹ አሳይቷል። ሽሽቱ እንግዲህ የመንገድ ላይ ነገር እንጂ የጭንቅላት ጉድለት አይደለም።

ደግሞም ተማሪ ተቀባይ ብቻ አይደለም። ዛሬ እንግሊዞች ለመዋረድ «ፊት አጣ» ሲሉ፣ አባባሉን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የወሰዱት ከቻይንኛ ነው።

እና ክፍል ውስጥ ተሳስቶ በተናገረ ጓደኛችን ከመሳቃችን በፊት እናስብ። ባዕድ ሰው «ተስፋ ቆረጠ» ስንለው፣ በምን ቆረጠው ብሎ መቀስ ሊፈልግ ይችላል። ያን ጊዜ ቁጭ ብለን እናስረዳዋለን እንጂ አንስቅበትም።