ጃንሆይም ከኋላ ነው የተቀመጡት

ቮልሳችን ባለፈው ቅዳሜ ተሸጠች። አባዬ በ1971 ዓ.ም. ነው የገዛት፤ ያኔም ሁለተኛ እጅ ነበረች። አራት ልጆች ከኋላ ተጣበን በክርን ስንጎሻሸም መልሱ ሁሌም አንድ ነው፦ “ዝም በሉ! ጃንሆይም ከኋላ ነው የተቀመጡት።”

ቀልድ ይመስላል እንጂ ታሪክ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. የደርግ መኮንኖች ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ገብተው ከሥልጣን መውረዳቸውን ለንጉሠ ነገሥቱ ካነበቡላቸው በኋላ፣ ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የወሰዷቸው በቮልስዋገን ነው። ሮልስ ሮይስ እያላቸው ማለት ነው። ቮልስ ደግሞ እንደምታውቋት ባለ ሁለት በር ናት። ከኋላ የሚገባ ሰው የፊቱን ወንበር አጥፎ፣ ጎንበስ ማለት አለበት። ሰው ሁሉ ሲያጎነብስላቸው የኖሩት የ82 ዓመት አዛውንት በዚያ ጠዋት ያንን አደረጉ። የዘመን መለወጥን እንደዚያች የወንበር መታጠፍ የሚያሳየኝ ነገር የለም። አዋጁን ማን ያስታውሳል? ቮልሷን ግን ሁሉም ያውቃታል።

ስሟ በጀርመንኛ “የሕዝብ መኪና” ማለት ነው። ሂትለር አዘዘ፣ ፈርዲናንድ ፖርሸ ነደፋት፤ በገፍ ተመርታ ለሕዝብ የደረሰችው ግን ከጦርነቱ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የፎርድ ሞዴል ቲን የምርት ክብረ ወሰን ሰበረች። የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2003 ስትወጣ ቁጥሯ 21,529,464 ነበር።

ሞተሯ ከኋላ፣ ሻንጣዋ ከፊት። ራዲያተር ስለሌላት ውሃ አትጠይቅም፤ የምትቀዘቅዘው በአየር ነው። የመስታወት ማጠቢያዋን ውሃ የሚገፋው ደግሞ የመጠባበቂያ ጎማዋ አየር ነው። (ይቺን ነግሬው ያመነኝ ጓደኛ የለም።)

ጓደኛ ካልኩ አይቀር ልናዘዝ። ሃይስኩል ሳለሁ በእሷ መታየት አፍር ነበር። ትምህርት ቤቱ ከመድረሳችን በፊት “እዚህ አውርደኝ” እለዋለሁ። አባዬ አንድም ቀን ለምን አላለኝም። ዳር ይዞ ያቆማል፣ እወርዳለሁ፣ ያ የታወቀ የሞተር ድምፅ ከኋላዬ እየራቀ ይሄዳል።

ዘንድሮ ዓይኑ ደከመ፤ ሐኪሙም መንዳት ከለከለው። እኔ ልያዛት አልኩ። “አንተማ ታፍርባታለህ” አለኝ፣ እየሳቀ። ለካ ያውቅ ነበር።

ገዢው ሠላሳ ያልሞላው ልጅ ነው። ቁልፉን ተቀብሎ “ጋሼ፣ እስከ አስፋልቱ አብረን እንሂድ?” አለና የፊቱን በር ከፈተለት። አባዬ ጋቢውን ሰብስቦ፣ ወንበሩን አጥፎ፣ ጎንበስ ብሎ ከኋላ ገባ። እኔም ተከትዬው ገባሁ። ጉልበታችን ተጋጨ።

“ክርንህን ሰብስብ” አለኝ።